አባቷ በቴሌቪዥን የታየ ዕለት

«ልጅቷ አጠገብሽ ካለች፣ በኋላ ልደውል» የሚለውን የአባቷን ድምፅ ሐሌታ የሰማችው ፀጉሯን በፎጣ ጠቅልላ ከመታጠቢያ ቤት ስትወጣ ነው። አክስቷ ሠናይት ስልኩን ስፒከር ላይ አድርጋ፣ ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፋ፣ ለቤተ ክርስቲያን የምትለብሰውን ነጠላ ትተኩሳለች። «የለችም፣ ሻወር ናት፤ ንገረኝ» አለች ካውያውን ሳታነሳ። «እንግዲያው በእናንተ ቀትር ሲያልፍ ቴሌቪዥን ክፈቱ። ማታ የምርጫው ውጤት ሲነገር አደባባዩ ላይ ነኝ፤ የመንግሥት ጣቢያ ሊያነጋግረኝ እንደሚችል ነግረውኛል። ለእሷ ግን አትንገሪያት።» ሠናይት እልል ልትል ዳዳትና ጾሙ ትዝ ሲላት አፏን በእጇ ያዘች። ሐሌታ ኮሪደሩ ላይ ጥቂት ቆመች። ከዚያ ድምፅ ሳታሰማ ተመልሳ ገባችና ውሃውን እንደገና ከፈተችው። ሌላ ቀን ቢሆን «ውሃው በነፃ ነው እንዴ?» ብላ በሩን የምታንኳኳው አክስቷ ዛሬ አላንኳኳችም። ሐሌታ ልብሷን እንደለበሰች መጋረጃው አጠገብ ቆማ፣ ንግግሩ እስኪያልቅ ውሃው ሲፈስ አየች።

ሚድ ሲቲ ውስጥ፣ ከፒኮ ጎዳና ገባ ብሎ ያለው የአክስቷ ቤት ባለ አንድ መኝታ ነው። ሐሌታ የምትተኛው ሳሎን ሶፋው ላይ ሲሆን፣ ጠዋት ጠዋት ብርድ ልብሷን አጥፋ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ትከታለች። ሠናይት ፓሳዴና ባለ የአረጋውያን መኖሪያ የምትሠራ፣ ቀን ተኝታ ማታ የምትነሳ፣ ለእህቷም ለወንድሟም ልጅ ቤቷን የማትዘጋ ሴት ናት፤ ብቻ ስለ ወንድሟ ክፉ ሲነገር መስማት አትወድም። ስለዚህ ሁለቱ ሴቶች ስለ ኪራዩ መጨመር፣ ስለ ዘይት ዋጋ፣ ስለ ጎረቤቱ ውሻ ያወራሉ፤ ስለ እንዳሻው ግን አያወሩም። እንዳሻው የሐሌታ አባት ነው። በወጣትነቱ ምህንድስና ሊማር ወደ ሃንጋሪ ተልኮ፣ እዚያው አግብቶ፣ ሐሌታን ወልዶ፣ በዳኑብ ወንዝ ዳር ያለች የአንዲት ትንሽ ከተማ የውሃ ሥራ ኃላፊ ሆኖ ቀረ። ሃንጋሪያዊቷ ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ብቻውን ነው የሚኖረው። ልጁን ካነጋገራት ዓመት ሊሞላው ነው።

ከአባቷ ጋር የተጣሉበትን ነገር፣ የአበሻ ምግብ ቤቶች ባሉበት በፌርፋክስ ጎዳና ለሚያገኟት ሰዎች ማስረዳት ለሐሌታ ሁልጊዜ ያስቸግራታል። ቡዳፔስት ውስጥ የሬድዮ ዜና አንባቢ ነበረች። ጣቢያውን ለገዢው ፓርቲ ቅርብ የሆነ ባለሀብት ገዛው፤ ከዚያ ወዲያ ዜናው ተጽፎ ያለቀ ሆኖ ከላይ ይወርድ ጀመር። አንድ ቀን ስለ ስደተኞች የተጻፈ ወረቀት ሲሰጧት «ይህን እኔ አላነብም» አለች። አልጮኹባትም። በስምምነት ለቀቀች ተባለ፤ አበባም ሰጧት። ከዚያ በኋላ ያመለከተችበት ቦታ ሁሉ በትህትና ዝም አላት። ዲቪ ሲደርሳት መጣች። «ታስረሽ ነበር?» ይሏታል እዚህ። «አይ።» «ደብድበውሻል?» «አይ።» «ታዲያ ምን ሆንሽ?» እዚህ ላይ ስትደርስ አማርኛው ያልቅባታል። እስር ቤት አድሮ የወጣ፣ ወንድሙን የቀበረ ሰው ፊት ቆሞ «ማንም ስልኬን አያነሳልኝም ነበር» ማለት ያሳፍራል። አባቷ ግን ነገሩ ገብቶት ነበር። «ያን ወረቀት ብታነቢው ምን ነበረበት? አንድ ደቂቃ አይፈጅም» ብሏት ነው የተለያዩት።

ትናንት ቅዳሜ ከሥራ አስፈቅዳ፣ በዊልሽር ጎዳና አውቶቡስ ወደ ምዕራብ ተሳፍራ የሃንጋሪ ቆንስላ ድረስ ሄዳ መርጣለች። ሰልፉ ረጅም ነበር። ከአሪዞና ድረስ ነድታ የመጣች ሴት ነበረች፤ ሕፃኑን ደረቱ ላይ የታቀፈ ጎልማሳ ነበረ፤ አንዲት ባልቴት ከቤቷ የጋገረችውን ጨው ጨው የሚል ትንንሽ ዳቦ ለማታውቀው ሰው ሁሉ ታዞር ነበር። ማንም ማንን እንደሚመርጥ አልተናገረም፤ ግን ዓይን ለዓይን ሲጋጠሙ ፈገግ ይባባላሉ። ስድስት የተቃዋሚ ፓርቲዎች በአንድ ላይ የቆሙበት ምርጫ ነበርና ሁሉም በውስጡ «በዚህኛውስ» እያለ ነው። ሠራተኞቹ ጨዋዎች ነበሩ፤ ኮሮጆው ታሽጓል፤ የሚያጭበረብር አልነበረም። ሐሌታ ወረቀቷን ከትታ ስትወጣ ፀሐዩ ላይ ቆማ ለድሮ ባልደረቦቿ «መረጥኩ» ብላ ጻፈች። የስልክ ቡድናቸውን በልብ ምልክት ሞሉላት። ካሸነፍን አዲስ ጣቢያ እንከፍታለን፣ የጠዋቱ ዜና ያንቺ ነው፣ ተባባሉ። ያን ሌሊት ሶፋው ላይ ሆና ለጠዋት ዜና ስንት ሰዓት መነሳት እንዳለባት እያሰበች ነው እንቅልፍ የወሰዳት።

የምትሠራበት ምግብ ቤት ፌርፋክስ ላይ ነው፤ የጋሼ ምንይሉ። ጋሼ ምንይሉ ስልሳዎቹን ያለፉ፣ ታክሲ ነድተው ባጠራቀሙት የከፈቱት፣ አሁንም ከባንኮኒው ጀርባ ቆመው ሲያወሩ እጃቸው መሪ የያዘ የሚመስል ሰው ናቸው። ሐሌታ ቅዳሜና እሑድ ታስተናግዳለች። እሑድ በጾም ወቅት ሥራው የሚጀምረው ቅዳሴ ሲያልቅ ነው፤ ነጠላ የለበሰ ሁሉ በአንድ ጊዜ ይገባና በየዓይነቱ ያዛል። በየዓይነቱ በዚያ ወር ሁለት ዶላር ጨምሯል፤ ምንይሉ ዋጋውን በእስክሪብቶ ሰርዘው ከላይ ስለጻፉበት ደንበኛው ሁሉ መጀመሪያ ሜኑውን ያይና ቀጥሎ እሳቸውን ያያል። ሐሌታ ማዕድ እያመላለሰች፣ ስልኳን ሽርጧ ኪስ ውስጥ አድርጋ፣ ሲንቀጠቀጥ ወጥ ቤቱ በር ጋ እየቆመች ታየው ነበር። ሃንጋሪ ውስጥ ምርጫ ጣቢያዎቹ ከተዘጉ ቆይተዋል። መጀመሪያ ባልደረቦቿ ብዙ ይጽፉ ነበር። ከዚያ አንዱ «ገና የገጠሩ ነው የተቆጠረው፣ ተረጋጉ» አለ። ከዚያ ማንም ምንም ሳይጽፍ ቆየ። ከዚያ አንዲት ልጅ አንድ ቃል ብቻ ጻፈች፤ «ሁለት ሦስተኛ።» ገዢው ፓርቲ የአገሪቱን ሕገ መንግሥት እንደፈለገ ለመለወጥ የሚያስችለውን ወንበር እንደገና ያዘ ማለት ነው፤ ለአራተኛ ጊዜ በተከታታይ። ሐሌታ የያዘችውን የሽሮ ሳህን ለማን እንደታዘዘ ረስታ መሐል ወለሉ ላይ ቆመች። «እዚህ ነው እናቴ» አላት መስኮቱ ጋ የተቀመጠው ዓለምሰገድ፤ እጁን አውጥቶ።

ዓለምሰገድ ሚራክል ማይል በሚባለው ሰፈር፣ ከአንድ ሕንፃ ሥር ባለ ፓርኪንግ ውስጥ ይሠራል። ከብራዚል ተነስቶ ጫካውን በእግሩ አቋርጦ፣ ድንበሩን ዘሎ የገባ ልጅ ነው፤ የጥገኝነት ጉዳዩ ዓመታት ሆኖት ገና ቀጠሮ ይጠብቃል። እሑድ እሑድ ብቻውን ይመጣል፣ ሽሮ ያዛል፣ ሐሌታን «እናቴ» ይላታል፣ እሷ ግን በዕድሜ ታንሰዋለች። ሳህኑን ስታስቀምጥለት ፊቷን አየና «ደህና አይደለሽም?» አላት። «ደህና ነኝ፤ እኛ አገር ምርጫ ነበር» አለችው። «እናንተ አገር ድምፁ ይቆጠራላ» አላት፤ ሊያጽናናት ብሎ ነው።

ሠናይት ከቤተ ክርስቲያን ጓደኞቿ ጋር የገባች በዚህ ሰዓት ነው። ገና ሳትቀመጥ ወደ ምንይሉ ሄዳ በጆሯቸው አንድ ነገር ነገረቻቸው፤ እሳቸውም ግድግዳው ላይ ያለውን ቴሌቪዥን ከኳስ ወደ ዩቲዩብ ለወጡት። ወንዝ ዳር፣ በመብራት የደመቀ ሕዝብ፣ ባንዲራ፣ ኮፍያና ካፖርት። ሐሌታ ቦታውን አወቀችው፤ ክረምት ክረምት ወደ ሥራ ስትሄድ ትራሙን የምትጠብቀው ከዚያ ብዙ ሳይርቅ ነበር። አክስቷን አየቻት፤ አክስቷ ዓይኗን ሰበረችባት። ካሜራው በሕዝቡ መሐል እየሄደ ሄደና ጥቁር ካፖርት ያደረገ፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ ባርኔጣውን በእጁ የያዘ ሰው ፊት ቆመ። «እንዳሼ!» አለች ሠናይት። ቤቱ በሙሉ ዞረ።

ሐሌታ ትሪውን እንደያዘች አባቷን አየችው። ከስቷል። ሰውነቱን ቀጥ አድርጎ፣ ፈተና እንደሚመልስ ተማሪ ጥያቄውን በጥሞና እየሰማ፣ በሃንጋሪኛ፣ በዚያ አርባ ዓመት ኖሮ ባልለቀቀው የአማርኛ ቅላፄ ይመልሳል። ልጅ ሆና በትምህርት ቤት ልጆች ፊት በዚህ ቅላፄ ሲናገር ታፍር ነበር፤ አሁን አንድም ቃል ሳታሳልፍ ሰማችው። ጋዜጠኛዋ በፈገግታ ትጠይቃለች፣ እሱ ይመልሳል፣ ሰዎቹ ያጨበጭባሉ። መጨረሻ ላይ አንድ አጭር ጥያቄ ጠየቀችው። አባቷ ባርኔጣውን በእጁ አንድ ጊዜ አዞረና ራሱን ነቀነቀ፤ አንድ ቃል መለሰ። ካሜራው ወደ ሌላ ሰው ሄደ።

«ምን አለ? ምን አለ?» ቤቱ ተንጫጫ። «ሐሌታ ትተርጉምልና! ጋሼ ምንይሉ፣ መልሰው እስቲ ከመጀመሪያው» አለች ሠናይት። ስልኳን አውጥታ ወደ ቴሌቪዥኑ ደገነች፤ በሌላ እጇ ሐሌታን ክንዷን ይዛ ጎተተቻት። ክንዷን የያዘው እጅ አጥብቆ እንደያዘ ቀረ። አርባ ዓመት ያላየችው ወንድሟ ነው፤ ሲሄድ ልጅ ነበረች። ሐሌታ «አልተረጉምም» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ነበር። ግን ያን እጅ አየች። የተቀመጡትን ሴቶች አየች፤ ለመደሰት ተዘጋጅተዋል። እውነቱን ልንገራቸው፣ ያኔ ይገባቸዋል፣ አለች በልቧ። እዚህ የተቀመጠ ሰው ሁሉ እንዴት እንደመጣ አውቃለሁ፤ ሲሰሙት ራሳቸው ያፍሩበታል። ትሪውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች። ምንይሉ በሪሞቱ መለሱትና በየዓረፍተ ነገሩ ያቆሙላት ጀመር።

«ከየት ነው የመጡት አለችው» አለች ሐሌታ። «ከአፍሪካ፣ ከኢትዮጵያ፤ ግን ዛሬ ሃንጋሪያዊ ነኝ አለ።» ሴቶቹ አጨበጨቡ። «ይህ መንግሥት የውጭ ሰው ይጠላል ይባላል፣ እርስዎ ምን ይላሉ አለችው። እኔን እዩኝ፤ ማን ጠላኝ? አላት። እኔ ተጋብዤ፣ ወረቀቴን ይዤ፣ በበሩ ነው የገባሁት። ቋንቋውን ተማርኩ፤ ሠራሁ። አጥር ዘለው የሚገቡት ከእኔ ጋር አንድ አይደሉም። አገራችንን ከማያውቋት ሰዎች ጠብቀናታል።» ሐሌታ እዚህ ላይ ቆም አለችና ቤቱን አየችው። ቤቱም አፉን ከፍቶ ቀሪውን ይጠብቃል። ቀጠለች፤ «ሕዝቡ ሰላም መርጧል። ጎረቤታችን ጦርነት አለ፣ ወደ እኛ አይገባም። ውጭ ተቀምጠው አገራችንን የሚያሙ ዛሬ መልሳቸውን አግኝተዋል።»

«ተባረክ!» አሉ ከሴቶቹ አንዷ። «እውነቱን ነው እኮ» አለ ከወዲያ ጥግ የተቀመጠ፣ ሁለት ሊሞዚን ያለው ሰውዬ፤ «እኛ ስንት ዓመት ተሰልፈን ገባን፤ አሁን ዝም ብሎ ነው የሚገባው።» «ሰላም የመሰለ ምን አለ» አለች ሌላዋ። «አነጋገሩ! ሚኒስትር ነው የሚመስለው።» ሐሌታ የጠበቀችው ዝምታ አልመጣም። ዝም ያለው ዓለምሰገድ ብቻ ነው። አፉን በናፕኪን ጠርጎ ተነሳና፣ ሒሳቡን ጠረጴዛው ላይ ትቶ፣ በእሷ በኩል ሲያልፍ ጎንበስ አለላት። «አባትሽ ናቸው? በጣም የሚከበሩ ሰው ናቸው» አላት። ስላቅ አልነበረበትም። ከምግቡ እኩሌታው ሳህኑ ላይ ቀርቷል።

«ቆይ፣ መጨረሻ ላይስ?» አለች ሠናይት። «አጭር ነገር ጠየቀችው፣ እንዲህ አደረገ» ብላ ራሷን እንደ ወንድሟ ነቀነቀች። ምንይሉ ያን ቦታ መለሱት። ጋዜጠኛዋ «ልጆች አሉዎት?» አለች በድጋሚ። አባቷ ባርኔጣውን አዞረ። «የሉኝም።»

«አይበርድዎትም ወይ ነው ያለችው» አለች ሐሌታ። «አይበርደኝም አላት።»

«ድሮም ብርድ አይፈራም» አለች ሠናይት፤ እያለቀሰችም እየሳቀችም። ስልኳን ዝቅ አድርጋ ቪዲዮውን ለዘመድ ሁሉ ትልክ ጀመር።

ሐሌታ ከዚያ በኋላ ያለውን ሰዓት ሠራች። ሳህን አነሳች፣ ጠረጴዛ ወለወለች፣ ሁለት ትእዛዝ አቀያየረችና ይቅርታ ጠየቀች። የባልደረቦቿ ቡድን ውስጥ ሰዎች አንድ በአንድ መሰነባበት ጀምረው ነበር፤ አንዱ በርሊን ሥራ ማመልከቱን ነገራቸው፤ ያቺ «ሁለት ሦስተኛ» ብላ የጻፈችው ልጅ ከቡድኑ ወጣች። ስለ አዲሱ ጣቢያ የተናገረ የለም። ምግብ ቤቱ ጋብ ሲል አክስቷ ስልኳን ዘርግታ መጣች። «እሱ ነው። አንቺን ነው የሚለው» አለቻት፤ ዓይኗ ተስፋ አድርጓል። ሐሌታ ስልኩን ይዛ በወጥ ቤቱ በኩል ወደ ኋላው ግቢ ወጣች፤ የሽንኩርት ጆንያና ባዶ የዘይት ጀሪካን የሚደረደርበት ቦታ ነው።

«ሐሌታዬ» አለ አባቷ። ከጀርባው ሕዝቡ ይዘምራል። «አየሽኝ?»

«አየሁህ።»

«መጨረሻ ላይ ያልኩትን…»

«ሰማሁ አባዬ።»

«ለአንቺ ብዬ ነው» አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው፤ ለሹክሹክታ በቀረበ አማርኛ፣ አንድም ሰው አማርኛ በማያውቅበት አደባባይ ላይ። «አለኝ ብል የት ናት ይላሉ፤ ምን ትሠራለች ይላሉ። ስምሽን ያነሳሉ። ያንቺን ነገር ይዘው ቢሮ ሁለት ጊዜ ጠርተውኛል፣ አልነገርኩሽም። በመጪው ዓመት ጡረታ ነኝ። እስከዚያ ብቻ።»

«ማንን መረጥክ?» አለችው።

ድምፁ ከስልኩ ራቀ። ሰዎቹ እየዘመሩ አጠገቡ አለፉ፤ አንድ ሰው በሃንጋሪኛ «እንኳን ደስ አለህ፣ መሐንዲስ!» ሲለውና እሱም ጮክ ብሎ በደስታ ሲመልስ ሰማች። ከዚያ ወደ ስልኩ ተመለሰ። «ድምፅ መስጫው ክፍል ውስጥ ለብቻዬ ነበርኩ» አለ። «ማንም አያይም ነበር። ወረቀቱን ይዤ ብዙ ቆምኩ።» የቀረውን ጠበቀች። «እናንተን ልመርጥ ስል እጄ እንቢ አለኝ፣ ሐሌታ። የሚያዩኝ መሰለኝ።»

ሐሌታ አንዱ ጀሪካን ላይ ተቀመጠች። ልትቆጣው ፈልጋ ነበር፤ ዓመት ሙሉ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት። እዚያ ክፍል ገብተው አስገድደውት ቢሆን፣ የምትጠላው ሰው በኖራት ነበር። «ብርድ ላይ አትቁም፣ ግባ» አለችው። «በበጋው ልመጣ ነው ብለሽ ለአክስትሽ ነግረሻታል አሉ» አለ እሱ። «አሁን አትምጪ። ለጊዜው። እኔ እነግርሻለሁ መቼ እንደሆነ።» «እሺ» አለች። እሱም «ጎበዝ» አላት፤ ልጅ ሳለች ሥራዋን ስትጨርስ እንደሚላት፣ እና ስልኩ ተዘጋ።

ስትመለስ አክስቷ በሩ ላይ ትጠብቃት ነበር። «ታረቃችሁ?» አለቻት። ሐሌታ «አዎ» አለቻት፤ ሠናይትም ስማት፣ መስቀሏን ስማ፣ ለማታ ሺፍቷ ጥቂት ልትተኛ ወደ ቤቷ ሄደች። ምንይሉ ብቻቸውን ባንኮኒው ላይ ተደግፈው ስልካቸውን ያዳምጣሉ። ሐሌታ ሽርጧን ስታስተካክል ከስልካቸው የሚወጣው የራሷ ድምፅ እንደሆነ ገባት። ሠናይት የላከችው ቪዲዮ ከዘመድ ወደ ዘመድ አልፎ፣ ከዚያም ማንም ወደማያውቀው ቦታ ሄዶ፣ አንድ ሰው መግቢያ ሙዚቃ ጨምሮበት ተመልሶ ደርሷቸዋል። የአባቷ ድምፅ ከታች ዝቅ ብሏል፤ የሷ ከላይ ጎልቷል። «አገራችንን ከማያውቋት ሰዎች ጠብቀናታል» ትላለች፤ ጥርት ባለ፣ እርጋታ ባለው ድምፅ፣ እስትንፋሷን በልኩ ወስዳ። የትም ቦታ አልተደናቀፈችም።

«ስሚ እንጂ፣ ይሄ ድምፅ አንቺ ዘንድ ሳለ ሳህን ታመላልሻለሽ?» አሉ ምንይሉ። «አንድ የማውቀው ልጅ አለ፣ ዩቲዩብ ላይ ዜና አለው፣ ብዙ ሰው ያየዋል። አሁን ደወለልኝ። ይህችን ሴት አገናኙኝ አለ።»

«ምንድነው የሚነበበው ጋሼ?»

«የሚሰጥሽን ነዋ። እሱ ጽፎ ያመጣል፤ አንቺ ማንበብ ብቻ። ደህና ይከፍልሻል።»

ውጭ ፌርፋክስ ላይ ፀሐይዋ ገና አልገባችም። ሁለት ደንበኞች በሩን ገፍተው ገቡና የቱ ጋ እንቀመጥ በሚል ዓይን አዩዋት። ሐሌታ ሁለት ሜኑ አነሳች። ዓለምሰገድ ተቀምጦበት የነበረውን መስኮቱ ጋ ያለውን ቦታ በእጇ አሳየቻቸው።

«እሺ በሉት» አለች።